እየተበላሸ ያስቸገረን የቢሮ አክሰስ ዳታቤዝ ወደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ ማዛወር

ስቶሩ ኮምቦልቻ፣ ሽያጩ ደሴ የሆነ ድርጅት ብዙ ነው። ገቢና ወጪው፣ የዱቤ ደንበኛው፣ የዕቃው ቀሪ ሁሉ አንድ የአክሰስ (የማይክሮሶፍት ኦፊስ የዳታቤዝ ፕሮግራም) ፋይል ውስጥ ይቀመጥና ፋይሉ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሼር ይደረጋል። ሁለት ሰው ብቻ ሲጠቀምበት ችግር አይታይም። ሰው ሲጨምር፣ ዋይፋይ ሲገባ፣ መብራት ሲመላለስ ግን «ዳታቤዙ ያልታወቀ ፎርማት አለው» የሚለው መልእክት ይጀምራል። ይህ መመሪያ ሠራተኛው የለመደውን ፎርምና ሪፖርት ሳይነካ፣ ዳታውን ብቻ አውጥቶ አስተማማኝ ቦታ፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ፣ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቻል ያሳያል።

ለምን ይበላሻል?

ሼር በተደረገ አክሰስ ውስጥ ሰርቨር የሚባል ነገር የለም። ፋይሉን የያዘው ኮምፒውተር ፎልደር ከማጋራት ያለፈ ሥራ አይሠራም፤ የሚያነበውም የሚጽፈውም የእያንዳንዱ ሠራተኛ ኮምፒውተር ነው። ሰባት ሰው በአንድ ደብተር ላይ በየራሱ እስክሪብቶ እንደመጻፍ ነው። ፋይሉ በ4 ኪሎባይት ገጾች የተከፋፈለ ስለሆነ አንድ የወጪ ሰነድ ሲመዘገብ የሠንጠረዡም የኢንዴክሱም (የመፈለጊያ ማውጫው) ገጾች በኔትወርክ ላይ ተመላልሰው ይጻፋሉ። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ስዊቹ ከጠፋ፣ ዋይፋዩ ከተቆረጠ ወይም ላፕቶፑ ክዳኑ ተዘግቶ ከተኛ ፋይሉ እርስ በርሱ መስማማቱን ያቆማል።

ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን የሠራተኛው ኮምፒውተር ጥያቄ ብቻ ይልካል። ዲስኩ ላይ የሚጽፈው አንድ ፕሮግራም ነው፤ እሱም ለውጡን አስቀድሞ ሎግ (የለውጦች መዝገብ) ላይ ያሰፍራል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሎጉን አንብቦ የተጠናቀቀውን ያጸናል፣ ያልተጠናቀቀውን ይሰርዛል። አንድ ደረሰኝ ሊያመልጥ ይችላል፤ ዳታቤዙ በሙሉ ግን በዚህ ምክንያት አይወድቅም።

ሁሉም ቢሮ ይህን ማድረግ የለበትም። ሦስት ሰው በኬብል ብቻ የሚጠቀምበትና ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት ገደብ ብዙ የራቀ ከሆነ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ እርዳታ ይበቃል።

መጀመሪያ ደሙን ማቆም

ማዛወሩ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል እስከዚያው ፋይሉ መኖር አለበት። እነዚህ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ።

1. ሁሉም ሰው አክሰስን ይዝጋ። ከፋይሉ ጎን የሚታየው የመቆለፊያ ፋይል (መጨረሻው «ኤልኤሲሲዲቢ» የሆነው) ካልጠፋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው አልወጣም ማለት ነው፤ ፋይሉን በግድ አይሰርዙ፣ ሰውየውን ይፈልጉ።
2. ፋይሉን ወደ ራስዎ ዲስክ ገልብጠው በቅጂው ላይ «ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር» ያሂዱ። ይህን በኔትወርክ ላይ ባለው ፋይል ላይ ማድረግ ራሱ የብልሽት ምክንያት ነው።
3. «ዳታቤዝ ቱልስ» ውስጥ ባለው መክፈያ ፋይሉን ለሁለት ይክፈሉ፤ ሠንጠረዦቹ ሼር ፎልደር ላይ ይቆዩ፣ ፎርምና ሪፖርት የያዘው ፋይል ግን በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ለየብቻ ይቀመጥ። አንዱን የፎርም ፋይል ሁሉም ከሼር ላይ የሚከፍት ከሆነ መክፈሉ ግማሽ ጥቅም ነው ያለው።
4. ወደ ዳታቤዙ የሚጽፍ ኮምፒውተር ሁሉ በኬብል ይገናኝ። ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ የራቀ ስቶር ካለ መሐል ላይ ስዊች ያስፈልጋል።
5. ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ብዙ ቢሮ ኮምፒውተሮቹን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ስዊቹን ግድግዳ ላይ ይተዋል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩ እየሠራ ኔትወርኩ ይሞታል፤ ፋይሉን የሚያበላሸውም ይኸው ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለአሥር ሰው ገደማ ውድ ሰርቨር አያስፈልግም። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ኮምፒውተር፣ አንድ ኤስኤስዲ ለዳታው፣ ሌላ ዲስክ ለባክአፕ፣ ባለ 16 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች፣ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ከኮምፒውተሩ ጋር ተገናኝቶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዊንዶውስን በሥርዓት እንዲዘጋ ያድርጉ። ጀነሬተር ቢኖርም ዩፒኤሱ አይቀርም፤ ጀነሬተር እስኪነሳ ያለውን ክፍተት የሚሞላው እሱ ነው። ይህ ኮምፒውተር የማንም ጠረጴዛ ላይ አይሁን። ደረሰኝ የሚታተምበትና ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ሰርቨር አይሆንም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር 2022 ኤክስፕረስ በነፃ ይወርዳል። አንድ ዳታቤዝ እስከ 10 ጊጋባይት ይይዛል፤ ዳታ ለመያዣ የሚጠቀመው ራም 1410 ሜጋባይት ላይ ይቆማል፤ ከ4 ኮር በላይ አይጠቀምም። ለገቢና ወጪ፣ ለሽያጭና ለዱቤ ይህ ለዓመታት ይበቃል፤ የተቃኘ ሰነድ ፎቶ ዳታቤዙ ውስጥ ካላጨቁ በስተቀር።

ዳታውን ማጽዳት

ጊዜውን የሚበላው ማዛወሩ ሳይሆን ይህ ነው። አክሰስ ብዙ ነገር በዝምታ ያልፋል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨር አያልፍም።

*ቀን።* አብዛኛው መዝጋቢ የኢትዮጵያን ቀን ነው የሚያስበው፣ አክሰስ ግን የፈረንጁን ብቻ ያውቃል። የኢትዮጵያ ቀን በቀን ዓምድ ውስጥ ከተጻፈ ጥቅምት 30 (30/02) ተቀባይነት ያጣል። ጳጉሜ ደግሞ የባሰ ናት፤ 5/13/2016 ተብሎ ሲጻፍ አክሰስ 13ኛ ወር ስለሌለው ቀንና ወሩን አገላብጦ «ሜይ 13» አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ። ስለዚህ፦

– የቀን ዓምዱን በዓመት ደርድረው ትንሹንና ትልቁን ይዩ። «201» ወይም «2106» የሚል ዓመት ከተገኘ በእጅ ይታረም። ቀኑን ወደ «ዴትታይም» ካዛወሩት ከ1753 በፊት ያለ ዓመት አይገባም፤ «ዴትታይም2» ሰፊ ቢሆንም ስህተቱን ይዞት ነው የሚሄደው።
– አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱም አቆጣጠር ተቀላቅሎ ከሆነ ዓመቱን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም፤ 2016 የኛም የእነሱም ሊሆን ይችላል። የአውቶነምበሩን (አክሰስ በራሱ የሚሰጠውን ተከታታይ ቁጥር) እና የደረሰኝ ቁጥሩን ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ከጎረቤቶቹ ሰባት ስምንት ዓመት የዘለለው መዝገብ እሱ ነው።
– በአዲሱ ዳታቤዝ የፈረንጅ ቀን ብቻ ይቀመጥ፤ የኢትዮጵያው በፎርምና በሪፖርት ላይ በፈንክሽን ይቀየር። ፈንክሽኑን በእነዚህ ይፈትኑት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ከሦስቱ አንዱን ከሳተ ሌላ ፈንክሽን ይፈልጉ።

*ፊደል።* የቆዩ ፋይሎች ላይ ስሞቹ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ኮድ) ሳይሆን በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፈው ሊሆን ይችላል። ዓምዱን ወደ ኒያላ ፎንት ሲቀይሩት ጽሑፉ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ከሆነ ውስጡ ግዕዝ የለም ማለት ነው። ወደ ዩኒኮድ መለወጫ ተጠቅመው ሳይዛወር በፊት ይለውጡት፤ ከለወጡም በኋላ ሠላሳ አርባ ስም ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚስተው እንደ ሏ፣ ቷ ያሉት ላይ ነው።

*ሞክሼ ፊደላት።* «ኃይሌ»፣ «ሃይሌ»፣ «ሀይሌ» ለዳታቤዙ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንድ የዱቤ ደንበኛ ሦስት ቦታ ተከፍሎ የዕዳው ድምር ያነሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። የስሙን አጻጻፍ አይንኩ፤ ሰው ስሙን እንደፈለገ ይጽፋል። በምትኩ «መፈለጊያ ስም» የሚል ተጨማሪ ዓምድ ይፍጠሩ፤ እዚያ ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይለወጡ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይግባ። ፍለጋው በዚህ ዓምድ ይሁን። ሁለት መዝገብ አንድ ሰው መሆኑን ግን በስልክ ቁጥርና በሠራተኛ ዕውቀት እንጂ በስም ብቻ አይወስኑ፤ ደሴ ውስጥ «መሐመድ አሊ» ስንት እንደሆነ ሱቁ ያውቃል።

*ወላጅ የሌለው መዝገብ።* ደንበኛው ተሰርዞ ሽያጩ የቀረ፣ ዕቃው ጠፍቶ ወጪው የቀረ። አክሰስ ውስጥ ባለው ያልተዛመደ መዝገብ ፈላጊ ኩዌሪ (መጠይቅ) ያውጧቸውና ከሒሳብ ክፍል ጋር ተነጋግረው ይወስኑ። ካልጸዱ በሠንጠረዦች መካከል ያለው ግንኙነት አይፈጠርም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ፕራይመሪ ኪይ (መዝገቡን ከሌላው የሚለይ የማይደገም ቁጥር) ይኑረው፤ ከሌለው ከተዛወረ በኋላ በአክሰስ ሲከፈት ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። አታችመንት ዓምድ ካለም ፋይሎቹን ወደ ፎልደር አውጥተው በቦታው አድራሻውን ብቻ ይተዉ።

ሰርቨሩን መጫን

ዊንዶውስ 11 ላይ አዲስ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ካለ መጫኑ መጨረሻ ላይ የዳታቤዝ ሞተሩ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱ ዲስኩ የሚያሳውቀው የሴክተር መጠን ከ4 ኪሎባይት መብለጡ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዚህ የሬጅስትሪ ማስተካከያ አለው፣ ወይም ዳታውን ተራ ሳታ ኤስኤስዲ ላይ ያድርጉ።

ሲጭኑ አንድ ገጽ ላይ ቆም ይበሉ፦ ኮሌሽን (ፊደላት የሚወዳደሩበትና የሚደረደሩበት ደንብ)። በነባሪ የሚመጣው የድሮው (ስሙ በ«ኤስኪውኤል ላቲን1» የሚጀምረው) ለግዕዝ ፊደላት የማወዳደሪያ ክብደት የለውም። ይህ ኮሌሽን «አበበ»ንና «ከበደ»ን እኩል ያደርጋቸዋል፤ አንድ ስም ሲፈለግ በግዕዝ የተጻፈው ሁሉ ይመጣል፤ የማይደገም ኢንዴክስም ሁለተኛውን ስም አልቀበልም ይላል። በስሙ ውስጥ «100» ያለበትን «ላቲን1 ጄኔራል 100» ዓይነት ይምረጡ። ከተጫነ በኋላ የሙከራ ሠንጠረዥ ፈጥረው ሁለት የተለያዩ ስሞች ያስገቡና አንዱን ይፈልጉ፤ አንድ ብቻ ከመጣ ደህና ነው። የጽሑፍ ዓምዶች ሁሉ «ኤንቫርቻር» ይሁኑ፣ በኩዌሪ ውስጥም ከአማርኛ ጽሑፍ ጥቅስ በፊት የ«ኤን» ፊደል ይኑር። አለበለዚያ አማርኛው የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል፤ ያ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከዚያ ቀጥሎ፦

– ዶሜይን (የተጠቃሚዎች ማዕከላዊ አስተዳደር) የሌለው ቢሮ ስለሆነ «ሚክስድ ሞድ» (ሰርቨሩ የራሱ የመግቢያ ስምና ፓስወርድ የሚኖረው) ይመረጥ። የ«ኤስኤ» (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ በታሸገ ፖስታ ካዝና ይግባ እንጂ ፎርሙ ውስጥ አይግባ።
– ቲሲፒ አይፒ በኤክስፕረስ ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። በ«ኮንፊገሬሽን ማናጀር» ይክፈቱት፣ ፖርቱን 1433 ላይ ያጽኑት፣ ሰርቪሱን ያስነሱት። «ሰርቨሩ አልተገኘም» የሚለው መልእክት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ወይም ከፋየርዎል ነው።
– ፋየርዎሉ 1433ን ለቢሮው ኔትወርክ ብቻ ይፍቀድ።
– ለሰርቨሩ የማይለወጥ አይፒ ይስጡት፤ ራውተሩ በራሱ ከሚያድለው ክልል ውጭ።
– ኤክስፕረስ ላይ የተፈጠረ ዳታቤዝ «አውቶ ክሎዝ» በርቶበት ይመጣል፤ ያጥፉት፣ ካልሆነ ሁሉም ሰው በወጣ ቁጥር ዳታቤዙ እየተዘጋ በማግስቱ ጧት የመጀመሪያው ሰው ይጠብቃል።
– «ሪከቨሪ ሞዴል» (የሎጉ አያያዝ) ሲምፕል ይሁን። ፉል ላይ ትተውት የሎግ ባክአፕ ካልወሰዱ ሎጉ ዲስኩን ይሞላል።
– ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ የ«ስሊፕ» ማስተካከያውን ያጥፉ።

ማዛወር፣ መጀመሪያ ለሙከራ

የማይክሮሶፍት ማይግሬሽን አሲስታንት ለአክሰስ በነፃ ይገኛል። 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ ከተጫነው ኦፊስ ጋር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ ፋይሉን መክፈት ያቅተዋል። በፋይሉ ቅጂ ላይ መጀመሪያ ሪፖርቱን ያውጡ፣ ማስጠንቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ያንብቡ፣ ዓይነቶቹን ያስተካክሉ፦

«አዎ/አይደለም» ዓምድ «ቢት» ይሆናል። ባዶ መሆን አይፈቀድለት፣ ነባሪው 0 ይሁን። ባዶ ቢት ያለበት መዝገብ ሲታረም አክሰስ «ሌላ ሰው ቀይሮታል» ብሎ እምቢ ይላል፣ ሌላ ሰው ባይኖርም። ይኸው ችግር በነጥብ ቁጥሮችም ስለሚመጣ በየሠንጠረዡ የ«ሮውቨርሽን» ዓምድ (መዝገቡ በተለወጠ ቁጥር በራሱ የሚለወጥ ምልክት) ይጨመር። የብር ዓምድ ደግሞ «ፍሎት» (ግምታዊ የነጥብ ቁጥር) መሆን የለበትም፤ ሳንቲሙ ይንሸራተታል። «ዴሲማል» ባለ ሁለት ወይም አራት ነጥብ ይሁን።

ከዛወሩ በኋላ «ተሳክቷል» የሚለውን አረንጓዴ ምልክት አይመኑ። ከሁለቱም ወገን እነዚህን አውጥተው ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ በየሠንጠረዡ የመዝገብ ብዛት፣ የሽያጭ ብር ድምር በየወሩ፣ የዱቤ ዕዳ ድምር፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ የሃያ ዕቃዎች ቀሪ። ልዩነት አንድ ሳንቲም ቢሆንም ምክንያቱ ይታወቅ።

ፎርሙን ከአዲሱ ጋር ማገናኘት

በየኮምፒውተሩ የኦዲቢሲ ድራይቨር (አክሰስን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኝ) ይጫናል፤ መጫኛው ከዊንዶውሱ ቢት ጋር ይመሳሰል፣ ግንኙነቱ የሚፈጠርበት የኦዲቢሲ መሣሪያ 32 ወይም 64 ቢት መሆኑ ግን የሚወሰነው በአክሰሱ ነው። ድራይቨር 18 ግንኙነቱን በነባሪ ስለሚያመሰጥር «ሰርተፊኬቱ አይታመንም» ሊል ይችላል፤ በውስጥ ኔትወርክ «ሰርቨር ሰርተፊኬቱን እመን» የሚለውን ማብራት ይቻላል። የተገናኙት ሠንጠረዦች ስም ፊታቸው ላይ «ዲቢኦ» ተጨምሮ ይመጣል፤ ወደ ድሮው ስማቸው ይመልሷቸው፣ ፎርሞቹ የሚፈልጉት እሱን ነው።

ኮድ ካለ ሁለት ቦታ ይሰበራል። አንደኛው፣ አውቶነምበር ያለውን ሠንጠረዥ የሚከፍት መስመር ስህተት 3622 ያወጣል፤ «ዲቢ ሲ ቼንጅስ» የሚለው አማራጭ ሲጨመር ይስተካከላል። ሁለተኛው ይደበቃል፦ አክሰስ ውስጥ አዲሱ ቁጥር መጻፍ ሲጀመር ይገኝ ነበር፣ አሁን የሚገኘው መዝገቡ ከተቀመጠ በኋላ ነው። የደረሰኝ ቁጥርን ቀድሞ የሚያነብ ኮድ ባዶ ያገኛል።

ፍጥነቱ ከበፊቱ ከቀነሰ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም። ሲከፈት የአምስት ዓመት ሽያጭ በሙሉ የሚጠራ ፎርም ነው። ባዶ ሆኖ ይከፈት፣ የደረሰኝ ቁጥር ወይም ቀን ሲገባ ያንን ብቻ ይጥራ። ከባድ ሪፖርቶችን «ፓስ ስሩ» (በቀጥታ ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ) ኩዌሪ አድርገው ስሌቱን ለሰርቨሩ ይተዉ።

የመዛወሪያው ቀን

ሰኔ 30 አካባቢ፣ ቆጠራና ሒሳብ መዝጊያ ላይ፣ አይነካም። ቅዳሜ ከሰዓት የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚፈተነው ሰኞ ይሆናል፣ ሰኞ ገበያ የሚበዛበት ሱቅ ደግሞ ለሙከራ አይመችም። ማክሰኞ ማታ ይሻላል፤ ረቡዕ ቀለል ያለ ቀን ነው፣ ለማረም ሐሙስና ዓርብ ይተርፋል።

ሽያጭ ሲዘጋ ሁሉም ይውጣ፣ የድሮው ፋይል ስሙ ተለውጦ ለንባብ ብቻ ይሁን። ዳታው እንደገና ከመጀመሪያው ይዛወር እንጂ በሙከራው ላይ አይጨመር። ድምሮቹ ይመሳከሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ካልገጠሙ የድሮው ፋይል ይመለስና በሌላ ማክሰኞ ይሞከር፤ ይህን የጊዜ ገደብ አስቀድመው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ይስማሙበት። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ማስኬድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ግማሹ ደረሰኝ እዚህ ግማሹ እዚያ ይሆንና የሚያስታርቀው አይገኝም።

ባክአፕ

ኤክስፕረስ የራሱ መርሐ ግብር አስኪያጅ የለውም። የባክአፕ ትእዛዙ በ«ኤስኪውኤል ሲኤምዲ» ተጽፎ በዊንዶውስ «ታስክ ስኬጁለር» ይጠራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አያድርጉት፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ሰዓት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ምሳ ሰዓት 6፡30 ላይ እና ሥራ ሲዘጋ 11 ሰዓት ላይ ይሁን፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሞሉ ግን 12፡30 እና 17፡00 ነው። «ሰዓቱ ካመለጠ እንደተገኘ አሂድ» የሚለው ሣጥንም ይመረጥ። «ስህተት 5» ካለ የኤስኪውኤል ሰርቪሱ ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም።

የ14 ቀን ባክአፕና የየወሩ መጨረሻ ይቀመጥ። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይገዛና በየሳምንቱ ይለዋወጡ፤ አንዱ ኮምቦልቻ ሲሆን ሌላው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ይደር። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ቫይረስ ሲገባ አብሮ ይቆለፋል። በወር አንድ ጊዜ አንዱን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሰው የመጨረሻውን ደረሰኝ ይፈልጉ፤ ተመልሶ ያልታየ ባክአፕ እንዳለ አይቆጠርም።

ደሴ ያለው ሱቅ

ፖርት 1433ን ለኢንተርኔት አይክፈቱ። በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር) ይዘርጉ፤ ራውተር ኦኤስ 7 ያለው የሚክሮቲክ ራውተር ዋየርጋርድ የተባለውን የቪፒኤን ዓይነት ይደግፋል። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ በቪፒኤኑ ውስጥ ኮምቦልቻ ወዳለ ትርፍ ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ መግባት ይቀላል፤ ኢንተርኔቱ ቢቆረጥ እንኳ ሥራው እዚያው ተከፍቶ ይጠብቃል። ዊንዶውስ ፕሮ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው፤ ለሦስት ሰው ዊንዶውስ ሰርቨርና የሪሞት ፈቃድ መግዛት ግድ ነው። ይህ ከበጀት በላይ ከሆነ ደሴ ላይ የሚከፈቱትን ፎርሞች በጣም አቅልለው፣ አንድ ደረሰኝ በአንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠሩ አድርገው በቪፒኤኑ ያገናኙ። ኔት ሲጠፋ የሚሸጠው በወረቀት ደረሰኝ ይቆረጥና ኔት ሲመለስ በቁጥሩ ቅደም ተከተል ይመዝገብ፤ ከመካከል የጎደለ ቁጥር ካለ የዕለቱ ሒሳብ አይዘጋ።